ከመርከብ በመጨረሻ የሚወርዱት ወይዘሮ እናናዬ

እህታችንን ለመሸኘት ከኮሎምበስ፣ ከግሮቭ ሲቲ፣ ከካናል ዊንቸስተር፣ አንዳንዶቻችሁም ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ የመጣችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ የጠየቀኝ እኔ ተስፋዬ ከሟቿ ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም፤ ነገር ግን በአንድ መርከብ ላይ እሳቸው የመኝታ ክፍል ሲያጸዱ እኔ ሳህን ሳጥብ ስለኖርን ከዘመድ አናንስም። በሕይወት ሳሉ አንቺ ነበር የምላቸው። ዛሬ ወጉ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቢሰሙኝ ግን መሳቃቸው አይቀርም ነበር።

ወይዘሮ እናናዬ ዘገዬ ከአባታቸው ከአቶ ዘገዬ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ይማም በወሎ ክፍለ ሀገር በባቲ ከተማ በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበሩ፤ የከባድ መኪና ጎማ ይለጥፋሉ፣ ከለጠፉም በኋላ ሾፌሩ ቢቸኩልም ባይቸኩልም መኪናውን ዞረው እያንዳንዱን ጎማ በብረት መትተው ሳያዳምጡ አይለቁም ነበር። ወይዘሮ እናናዬም በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ኋላ መኪና እየዞሩ አደጉ፣ በከተማው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፣ በሒሳብም ጎበዝ ነበሩ። ዜማ መያዝ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነላቸውም፤ ለዚህ አጠገባቸው ቆማችሁ የዘመራችሁ ሁሉ ምስክሮች ናችሁ።

በ1966 ዓ.ም. የአሰብ መስመር ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ሲሞን ገብሬ ጋር ተጋቡ። የአቶ ሲሞን ጎማ ሌላ ቦታ ደህና ከርሞ ባቲ ሲደርስ ብቻ የሚተነፍስበት ምክንያት ለአባትየው ሳይገባቸው አልቀረም፤ ዝም ብለው ሲለጥፉ ቆይተው በመጨረሻ፣ አየሩን ከማባከን ሽማግሌ መላክ እንደሚሻል መከሯቸው ይባላል። ሙሽራው ሙሽሪትን በከባድ መኪናቸው አሳፍረው አሰብ ድረስ ወሰዷቸው፣ ባሕርም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ጊዜ ነው። በ1968 ዓ.ም. ልጃቸው ሐምራዊት ተወለደች። ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አቶ ሲሞን በዚያው መንገድ ቁልቁለት ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ዐረፉ።

ወይዘሮ እናናዬ ልጃቸውን አዝለው አዲስ አበባ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሮማን ዘንድ ገቡ፣ ፒያሳ አካባቢ በሚኖር የግሪክ ቤተሰብ ዘንድም ሥራ ያዙ። በ1972 ዓ.ም. ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የቤቱ አሮጊት እናት ያለ እናናዬ አልሄድም በማለታቸው፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ተብሎ አብረው ተጓዙ። የሄዱበት ጠዋት ሐምራዊት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እያለቀሰች ከምትለያቸው ተኝታ ሳለች ይሂዱ ተብሎ ተመከረ፣ እሳቸውም ምክሩን ሰምተው ልጃቸውን ለወይዘሮ ሮማን አደራ ሰጥተው፣ ሳይቀሰቅሱ ወጡ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ የማነበው ሁሉ ከዚያ አልጋ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ። አሮጊቷ ባረፉ ጊዜ፣ በ1982፣ ወይዘሮ እናናዬ በፒሬየስ ወደብ ሰውና መኪና ወደ ደሴቶች በሚያሻግር መርከብ ላይ በጽዳት ተቀጠሩ። ፒሬየስን ላላያችሁ፣ ማለዳ ማለዳ ከየደሴቱ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩት መርከቦች አንዱ ባንዱ ጎን እየተጠጉ ጀርባቸውን ለወደቡ ይሰጣሉ፤ የብረት መዝጊያቸው ወርዶ እንደ ድልድይ ሲዘረጋ ካሚዮኑ፣ አውቶቡሱ፣ ሻንጣ የተሸከመው፣ በግ የሚጎትተው ሁሉ እየተጋፋ ይወጣል፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውም ዘመድ ስም እየጠራ ይጮኻል። ከማዶ ደግሞ ፎቅ የሚያህሉ ነጫጭ የቱሪስት መርከቦች ቆመው፣ ቁርሳቸውን በሰገነት ላይ የሚበሉት ሀብታሞች ወደ እኛ ቁልቁል እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ወይዘሮ እናናዬ አንድ በጋ በእነዚያ በነጮቹ መርከቦች ላይ ሠርተው ነበር፣ ግን አልወደዱትም። ሰው ዞሮ ዞሮ በተሳፈረበት ወደብ የሚወርድ ከሆነ፣ ዳር ቆሞም የሚጠብቀው ከሌለ፣ ጉዞ መባሉ አይገባኝም ብለው ወደ እኛው ወደ አሮጌው መርከብ ተመለሱ፣ እኛም ደስ አለን።

በመርከቡ ደንብ የጽዳት ሠራተኛ መንገደኛው ከወረደ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ከፍቶ ያያል፣ ማየቱንም ለማሳወቅ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን በሩን እንኳ ሳንከፍት ምልክቱን አድርገን ወደ ቡናችን እንሮጥ ነበር። እሳቸው ግን ይከፍቱ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ካልጋው ሥር፣ ከመታጠቢያው በር ኋላ ያዩ ነበር፣ በዚህም ምክንያት ከመርከቡ በመጨረሻ የሚወርዱት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ፣ አለቃውም ስለ መዘግየታቸው ይቆጣቸው ነበር። አንድ ቀን አዲሶቹ መንገደኞች መሳፈር ከጀመሩ በኋላ ለልጃቸው ሠርግ ከደሴት የመጡ አንድ ሽማግሌ ከብርድ ልብስ ሥር ሲያንኮራፉ አገኟቸው። ወይዘሮ እናናዬ ባይቀሰቅሷቸው ኖሮ ሽማግሌው ያለ ሠርግና ያለ ቁርስ ወደ መጡበት ደሴት ይመለሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አለቃው አልተቆጣቸውም።

ሁለት ዓመት የተባለው መለያየት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። ከግሪክ ከወጡ ተመልሰው መግባት እንደማይፈቀድላቸው ተነግሯቸው ነበር፣ አዲስ አበባ ቢመለሱም ዳግመኛ የመውጫ በር እንደማያገኙ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ የጭነት መርከብ ፒሬየስ በመጣ ቁጥር ወደ አሰብ ለሚመለሱት መርከበኞች ለሐምራዊት የሚደርስ ቀሚስና ጫማ ይሰጡ ነበር፣ መርከበኞቹም፣ ስማቸውን ባላውቀውም እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ አደራቸውን ሳያጎድሉ ያደርሱ ነበር። የሚልኩት ልብስ ግን ሁልጊዜ ይሰፋት ነበር። ይህ የሆነበትን ምክንያት በኋላ እመጣበታለሁ።

በዚያው በግሪክ፣ በአቴንስ በነበረች ትንሽ የአማርኛ የጸሎት ኅብረት ጌታን ተቀበሉ፣ በ1989ም በስደተኞች ጉዳይ አማካይነት እኔ ቀድሜ ወደ ገባሁበት ወደ ኮሎምበስ መጡ። አየር ማረፊያ ስቀበላቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ነበር፤ እኔም የሁለት ሰዓት መንገድ ብነዳ ከሐይቅ በቀር እንደማላሳያቸው ስነግራቸው አዘኑልኝ። መሀል ከተማ ሳዮቶ ወንዝ ላይ ለማሳያ የታሰረችዋን የእንጨት መርከብ ልናይ በሄድን ጊዜ፣ አስጎብኚዋ ልጅ ስለ ሸራውና ስለ ምሰሶው በብዙ ስታስረዳ ቆይታ ጥያቄ ያለው ካለ ስትል፣ ማታ ስትዘጉ ውስጥ ሰው አለመቅረቱን የሚያየው ማን ነው ብለው እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ልጅቷ አላወቀችም፣ እሳቸውም ወርደን እስክንሄድ ድረስ ፊታቸው አልተፈታም።

ሥራቸው በምሥራቅ ኮሎምበስ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እኛ ነርሲንግ ሆም በምንለው ቤት ውስጥ ነበር። ፈረቃቸው ካበቃ በኋላ ኮታቸውን ለብሰው፣ የእያንዳንዱን አዛውንት በር ከፍተው ደህና መሆኑን ሳያዩ አይወጡም ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ዙር የካፒቴኗ ዙር ብለው ሰየሙት፤ ከእነዚያ ባልደረቦች መካከል ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ ስላላችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ።

በ1993 መጸው ሐምራዊት ከአዲስ አበባ መጣች። ይህን ክፍል የማነበው እሷ አንብበው ስላለችኝ ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጓትን አክስቷን ወይዘሮ ሮማንን እማዬ ትል ስለነበር፣ የወለዷትን እናቷን እትዬ ብላ አንቱ አለቻቸው፣ በትሕትና፣ በሥርዓት፣ እንግዳ ሰው እንደሚከበር አድርጋ አከበረቻቸው። ወይዘሮ እናናዬ አላረሟትም፣ ለማንም አላማረሩም፣ እኔ ልጅቷን ልምከራት ብል ከለከሉኝ። እናትነትን በሽማግሌ አልጠይቅም አሉኝ። በዚያ ወራት ግን ክብደታቸው ቀነሰ፣ ጸሎታቸውም ረዘመ፤ በዚህ ዓለም ላይ ከዚያች ከአንዲት ቃል በቀር የሚፈልጉት ነገር እንዳልነበረ የምናውቃቸው ሁሉ እናውቅ ነበር።

የ1994ን ጥር እዚህ የነበራችሁ አትረሱትም፤ በዚያ ብርድ ምራቅ ሳይቀር መሬት ሳይደርስ ይጠጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ያን ጊዜ ከአሜሪካኖቹ ምእመናን አዳራሽ ተከራይታ ከሰዓት በኋላ ነበር የምታመልከው። በዚያ እሑድ መንገዱ ሳይከፋ ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲገባ ተነግሮ ጉባኤው በጥድፊያ ተበተነ፣ ማሞቂያው ጠፋ፣ በሩ ተቆለፈ። ወይዘሮ እናናዬ ሐምራዊትን አሳፍረው ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ምድር ቤት ያሉትን የልጆች ክፍሎች ሳላይ ወጣሁ ብለው መኪናውን አዞሩ። ሐምራዊት መንገዱ በረዶ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ በዓይናችን አይተናል ብላ ተቃወመች። እሳቸው ግን መንዳታቸውን ቀጠሉ።

ቁልፍ ነበራቸውና ከፍተው ገቡ። በመጨረሻው ክፍል፣ በልጆች ወንበሮች መካከል፣ ከአገር ቤት ከመጡ ወር ያልሞላቸውን እማማ ፀሐይወርቅን አገኙ። እማማ ለብቻቸው ለመጸለይ ወርደው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ነቅተው በር ቢመቱ የሚሰማ አልነበረም፣ ስልክ ቢያዩም የሚደውሉበትን አያውቁም፣ እጃቸው ደንዝዞ ነጠላቸውን እንኳ መሰብሰብ አቅቷቸው ነበር። ልጃቸው ቢሩክ እናቱ በእህት ጽጌ ቫን የሄዱ መስሎት ነበር፣ እህት ጽጌም ከልጃቸው ጋር የሄዱ መስሏት ነበር። እኛ ሐበሾች ሽማግሌን ማሳፈር ክብር ስለሆነ እንሻማለን፣ በዚህ ሽሚያ መካከልም እማማን ሁለት መኪና አከበራቸው፣ አንዱም አልወሰዳቸውም። ቢሩክ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ይህን ሳነሳ አሁንም አንገቱን እንደሚደፋ አውቃለሁ። እማማ ግን ይኸው በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው፣ ለተመለሱላቸው ሴት እያለቀሱ ነው።

እማማን አሙቀው፣ ትኩስ ነገር አጠጥተው፣ ለልጃቸው አስረክበው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ሐምራዊት ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። ለወራት የያዘችውን ተናገረች። እትዬ፣ ለሰው ሁሉ ይመለሳሉ፣ ለእኔ ግን አልተመለሱም፤ ስነቃ አልነበሩም አለቻቸው። ወይዘሮ እናናዬ ይህን ቃል ለዐሥራ ሦስት ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋልና አልሸሹትም። እውነትሽን ነው፣ ልቀሰቅስሽ ይገባኝ ነበር አሏት። ቀጥለውም፣ በመርከብ ላይ የከፈትኩት በር ሁሉ የዚያ የቤታችን በር ነበር፣ ባጎነበስኩበት አልጋ ሁሉ የማየው አንቺን ነበር አሏት።

ከዚያ የቀሚሶቹን ነገር ነገሯት። ልጃቸው ምን ያህል እንዳደገች የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው፣ ከመንገደኞቹ መካከል በዕድሜ የምትመስላትን ልጅ እየፈለጉ እናቷን ዕድሜዋን ይጠይቁ፣ በዓይናቸው ቁመቷን ይለኩ፣ ወርደውም በዚያ ልክ ይገዙ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ በስድስት ዓመቷ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ በዐሥር ዓመቷ። የግሪክ ልጆች ከእኛ ልጆች ሞላ ያሉ መሆናቸውን ግን አላሰቡትም። ሐምራዊት በልብሶቹ ስፋት ምክንያት እናቷ መልኳንም ዕድሜዋንም የረሱ መስሏት ስታዝን ያደገች ልጅ ነበረችና፣ ይህን ከሰማች በኋላ ወደ መኝታዋ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ እናናዬ ወደ ሥራ ለመሄድ ከመኪናቸው መስታወት ላይ በረዶ ይፍቁ ነበር። ሐምራዊት የአፓርታማውን መስኮት ከፍታ፣ እማዬ፣ ጓንትሽን ረስተሻል አለቻቸው። ይኸው ነው። ወይዘሮ እናናዬ ጓንታቸውን ለብሰው፣ በረዶውን ፍቀው ጨርሰው፣ ሥራ ከገቡ በኋላ እኔ ወደምሠራበት ወደ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ስልክ አስደወሉ። ሱፐርቫይዘሬ ኢመርጀንሲ ኮል አለህ ሲለኝ ሰው የሞተ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሳነሳው ግን የምሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር፣ ቆይተውም፣ ተስፋዬ፣ ጠራችኝ አሉ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር አራት መልካም ዓመታት ጨመረላቸው። ሐምራዊት የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች፣ በ1996ም ከአቶ ቢሩክ ጋር ተጋባች፤ እናቱን የረሳ ሰው ልጄን እንዳይረሳት ብለው ወይዘሮ እናናዬ በሠርጉ ላይ ሲቀልዱበት ያልሳቀ አልነበረም። ካናል ዊንቸስተር አዲስ ቤት ገዝተው ሲገቡ ወይዘሮ እናናዬንና እማማ ፀሐይወርቅን አብረው ወሰዱ፣ የልጅ ልጃቸው ሄለንም እዚያ ተወለደች። ሁለቱ አያቶች በሕፃኗ አለባበስ ይከራከሩ ነበር፤ ልኳን በተመለከተ ግን ወይዘሮ እናናዬ ራሷን ሄለንን ሱቅ ይዘው ካልሄዱ በቀር አንድም ልብስ ገዝተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር እንዳለባቸው በሐኪሞች ተነገራቸው። ሕክምናውን በትዕግሥት ተከታተሉ፣ አቅም በነበራቸው ቀን ወደ መጦሪያው እየሄዱ አዛውንቶቻቸውን ጠየቁ፣ በተኙበት ሆስፒታልም ጎረቤት ክፍል ያለውን በሽተኛ ማን እንደሚጠይቀው ነርሶቹን ያደክሙ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ሐምራዊት ሥራዋን ትታ ከአጠገባቸው አልተለየችም። እንቅልፍ ቢወስዳትም እንዲቀሰቅሷት ቃል አስገብታቸው ነበር። ማክሰኞ ማለዳ እጇን ጫን አድርገው ቀሰቀሷት። ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የምወርደው፣ ዛሬ ቀድሜ ልውረድ፣ አንቺ ወደ ኋላ ቀርተሽ ሰው አለመቅረቱን እይልኝ አሏት። ልጃቸው ነቅታ እያየቻቸው፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ወይዘሮ እናናዬ ልጃቸውን ሐምራዊትን፣ አማቻቸውን ቢሩክን፣ የልጅ ልጃቸውን ሄለንን፣ በአዲስ አበባ ያሉትን እህታቸውን ወይዘሮ ሮማንን፣ እንደ እህት አብረው የኖሩትን እማማ ፀሐይወርቅን፣ በየቤቱ በር እየከፈቱ ደህና ናችሁ ወይ ያሏቸውን ብዙዎችን፣ እኔንም ሳህን አጣቢውን በሕይወት ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ምግብ ላመላለሳችሁ፣ የሐምራዊትን የሥራ ፈረቃ ለሸፈናችሁላት ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። ከእኛ መካከል የተለያየ እምነት ያለን አለን፤ እንደየእምነታችን አንድ ነገር እንለምን፤ በዚያኛው ወደብ የሚጠብቃቸው ጌታ በስማቸው ይጥራቸው፣ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍልን፣ ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥ።

አሁን ወደ መቃብሩ ቦታ እንሄዳለን። የአገሩ ልማድ ሣጥኑ ሳይወርድ ለቀስተኛውን ማሰናበት ነው፤ ሐምራዊት ግን የመጨረሻው አፈር እስኪመለስ ድረስ እንደማትነቃነቅ ለሠራተኞቹ ነግራቸዋለች፣ እነሱም እሺ ብለዋል። ሥራ ያለባችሁ ብትሄዱ ማንም አይቀየማችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን፣ ስለ እሳቸው ስትሉ፣ በግራና በቀኛችሁ ያለውን ሰው በማን መኪና እንደሚሄድ ጠይቁት። ከዚህ አዳራሽ በታች ያሉትን ክፍሎች ሐምራዊት ወርዳ አይታ እስክትመጣ እንጠብቃታለን።